መጀመሪያ ለዶሮዎቼ ቪላ ገዛሁላቸው

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ምሳ ላይ «ዶሮ ልጀምር ነው፣ ቤቱን የት ላሠራው?» አለችኝ። ምን ዓይነት ቤት አላለችም፣ የት ነው ያለችው። ሳቄ መጣ። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት እንደዚሁ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ለዚህም ነው ለአንድ የዶሮ ቤት ሁለት ጊዜ የከፈልኩት። ታሪኩን ሳልጨርስላት የምሳ ሰዓታችን አለቀ። እንግዲህ ሙሉውን እዚህ ልጻፈው፤ እሷም ታንብበው፣ ሌላም የሚፈልግ ካለ አብሮ ያንብብ።

ደሴ ነው የምኖረው፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ። ግቢው የእናቴ ነው፣ ሁለት ተከራዮች አሉን። ከማድ ቤቱ ጀርባ 3 በ4 ሜትር የምትሆን ቦታ ነበረች፣ አሮጌ በርሜልና የተሰበረ ወንበር የሚጣልባት። ዶሮ ያሰብኩት ለንግድ አይደለም። እንቁላል መግዛት ሰልችቶኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፌስቡክ ላይ የማያቸው የሰው ግቢዎች፣ ሣሩ የታጨደ፣ ዶሮዎቹ የሚያብረቀርቁ፣ የዶሮ ቤቱ ከእኔ መኝታ ቤት የሚያምር፣ እነሱ ናቸው ያማለሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ የበያጅ ሱቅ በር ላይ ቆማ አየኋት። አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ዙሪያዋን በላሜራ የተሠራች፣ ጣሪያዋ ሾጠጥ ያለ፣ ከፊት ለፊቷ የመዳፍ ስፋት ያላት አንዲት መስኮት፣ በሯ ላይ በነጭ ቀለም የተሳለች ዶሮ። ቪላ በሏት። ዋጋ ጠየቅኩ፣ ተከራከርኩ፣ ትንሽ ቀነሰልኝ፣ እኔም እንዳሸነፈ ሰው ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። በጋሪ ተጭና ስትመጣ የሰፈር ልጆች ከኋላ ከኋላ ይከተሉ ነበር። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «ይቺማ ተከራይ አታጣም» አለች።

በመጋቢት መጨረሻ ስድስት የ45 ቀን ጫጩቶች አስገባሁባት። እስከ ሰኔ ድረስ ምንም አልሆኑም። ጎረቤት ሲመጣ አሳያለሁ፣ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ሰው «ዋው» ይለኛል።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ይውልና አንዳንድ ቀን እስከ ግቢያችን በር ይወርዳል፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። አንድ ጠዋት የቪላዋን በር ስከፍት ዓይኔ አነባ፣ ሽንኩርት የመላጥ ያህል። የዶሮዎቹ ጀርባ ረጥቧል። ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ከላይ በጆግ ውሃ ደፋሁበት፤ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ጎንበስ ብዬ አንገቴን አስገብቼ ቀና ስል የላሜራው ውስጠኛ ገጽ በሙሉ ጠብታ አዝሏል። ልክ ድስት ላይ እንደተደፋ ክዳን።

እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? በርዷቸው ነው ብዬ ያቺኑ አንዲት መስኮት በፌስታል ደፈንኳት።

በሦስተኛው ቀን ማስነጠስ ጀመሩ። የጎረቤታችን ልጅ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፣ ለምኜ አመጣሁት። ዶሮዎቹን ከማየቱ በፊት አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ወዲያው አወጣና «እስቲ አንቺ እዚህ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሪ» አለኝ። ፌስታሉን በእጁ ቀዶ ጣለው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፣ እስከዛሬ ያልረሳሁት ነገር እሱ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ትጠጣለች። ያ ውሃ አብዛኛው በትንፋሿና በኩሷ ተመልሶ ይወጣል። ስድስት ዶሮ ማለት በቀን ወደ አንድ ሊትር ተኩል ነው፣ እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ በታሸገ ብረት ውስጥ ነበር የማጠራቅመው። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ሞቃቱ እርጥብ አየር ሲነካው ውሃ ሆኖ መልሶ ጀርባቸው ላይ ይንጠባጠባል። ዓይኔን ያስለቀሰኝ ደግሞ አሞኒያ ነው፣ ከረጠበ ኩስ የሚወጣ። ሳንባቸውን የሚጎዳውም እሱ ነው።

«ብርድ ትልቅ ዶሮ አይገድልም፣ ላባ ለብሳለች» አለኝ። «የሚገድላት እርጥበት ነው፣ ሌላው ደግሞ ቆጥ ላይ እንደተቀመጠች ጎኗን የሚመታት ንፋስ ነው። አየሩ ከራሷ በላይ ይውጣ፣ ከታች በኩል ግን አይንፈስባት።»

ደሴ ውስጥ የዶሮ ቤት የምትመርጡ ከሆነ ከዚህ ጽሑፍ ይህቺን ብቻ ብትወስዱ ይበቃችኋል። ሱቅ ላይ ቤቱን ስታዩ ቀለሙን ተዉት። ቆጡ የት እንደሚሆን ጠይቁ፣ ከቆጡ በላይ ቀዳዳ እንዳለ እዩ። ከሌለ እለፉት።

ወደ በያጁ ተመለስኩና ከላይ በሁለቱም በኩል ቁረጥልኝ አልኩት። «ውበቷ ይበላሻል» ብሎ አኮረፈ። ቆረጠው። ቀዳዳውን ደግሞ በዶሮ ሽቦ ሸፈነልኝ፣ ያ በሜትር የሚሸጠው ስስ ባለ ስድስት ጎን ሽቦ። ለሳምንት ያህል ሽታው ጠፋ፣ ማስነጠሱም ቀነሰ፣ እፎይ አልኩ።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ ገባ።

ጩኸቱን ሰምቼ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር የጎረቤት ድመት ናት ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ፣ ይህን ሳስበው አሁንም ይከፋኛል። ጠዋት ሽቦው በአንድ ጥግ እንደ ወረቀት ተቀዶ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ላባ ተሰክቶ አገኘሁት። አንዷን ወስዷታል። ሌላዋን አንገቷን ብቻ በልቶ ጥሏታል። አራቱ ጥግ ላይ ተደራርበው ቆመዋል፣ በሩን ብከፍትም አልወጡም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን ሲያዩ እንኳ ይሸሹ ነበር።

የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ይከለክላል እንጂ ሌላውን ከመግባት አይከለክልም። ሸለምጥማጥ በጥርሱና በጥፍሩ ይቀደዋል፣ አይጥ ደግሞ በቀዳዳው ያልፋል። የምትፈልጉት በብየዳ የተያያዘው ጠንካራ ሽቦ ነው፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ። ዋጋው ከስሱ በጣም ይበልጣል፣ አልዋሽም። ግን ቤቱን በሙሉ አትሸፍኑበትም፣ አየር መግቢያውን ብቻ ነው። ገንዘብ ቆጥቡ ካላችሁኝ ከእንጨቱ ቆጥቡ፣ ከቆርቆሮው ቆጥቡ፣ ከሽቦውና ከመቀርቀሪያው ግን እንዳትቆጥቡ። መቀርቀሪያውም ቢሆን ገፋ ሲደረግ የሚከፈት ዓይነት አይሁን፤ ማታ የምትሸጉሩት፣ ጠዋት የምትከፍቱት እውነተኛ መቀርቀሪያ ይሁን።

እናቴ ከዚያ በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የምታውቃቸውን አንድ ሽማግሌ አናጺ ይዛ መጣች። እሳቸው ቪላዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዶሮ ስንት ነው አላሉኝም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሌላ ነበር።

«ማነው የሚጠርገው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እስቲ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ሜትራቸውን አወጡና ከመሬት ወደ ወገቤ ለኩ። ከወገቤ ትንሽ ዝቅ ብለው በሜትሩ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፣ 80 ሴንቲ። ከዚያ «እጅሽን ዘርጊ» አሉ። ከብብቴ እስከ ጣቴ ጫፍ ለኩ፣ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ አውርደው የሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፉት። ልብስ የሚሰፋልኝ ሰው ጋ የቆምኩ መሰለኝ።

«ለዶሮ ነው ለእኔ ነው ቤቱ?» አልኳቸው።

«ላንቺ ነው» አሉ። «ወገብሽን ካመመሽ ትተይዋለሽ። ከተውሽው እነሱ ይታመማሉ። አብሽሪ፣ ዶሮ የትም ታድራለች።»

በዚያ ልኬት ነው ቤቱ የተሠራው። ወለሉ ከመሬት 80 ሴንቲ ከፍ ብሏል፣ ዶሮዎቹ በዘንባላ ጣውላ ላይ በተመቱ እርከኖች ይወጣሉ። ወርዱ 1.20 ነው፣ ከሁለቱም ወገን በር ስላለው እጄ መሀሉ ድረስ ይደርሳል። ርዝመቱ 1.80። ለስድስት ዶሮ ሰፋ ያለ ነው፤ ገለባ ላይ ለሚውሉ ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ሰባት ይባላል፣ ሰውየው ግን «ስድስት ያለ ሰው ለበዓል ስጦታ ሲመጣለት ስምንት ይሆናል» ብለው አሰፉት። ስጦታውም እንዳሉት መጣ። ፋሲካ ላይ አክስቴ ሁለት የሀበሻ ቄብ ይዛ መጣች።

እግሮቹ ወፍራም ባህር ዛፍ ናቸው። መሀላቸው ላይ ዙሪያውን ቆርቆሮ ተጠምጥሞባቸዋል፣ አይጥ ሲወጣ እንዲንሸራተት። ግድግዳው ጣውላ ነው። ጣሪያው ባለ አንድ ፊት፣ ሦስት ቆርቆሮ፣ ከግድግዳው 40 ሴንቲ ያህል ወደ ውጭ የወጣ። ከቆርቆሮው ሥር አሮጌ ችፑድ አለ፣ ያ የድስት ክዳን ነገር እንዳይደገም። ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ረጅም ጎን አንድ ስንዝር ክፍተት፣ በጠንካራው ሽቦ የተሸፈነ፣ ክረምት ከበጋ ክፍት። ምሥራቁ ፊት ከፊሉ ሽቦ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ቀጥታ ይገባል፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይወርድበታል። በጦሳ በኩል ያለው ግድግዳ ግን ድፍን ነው፣ ብርዱ የሚመጣብን ከዚያ ስለሆነ።

ቆጡ ሁለት አጣና ነው፣ ውፍረቱ እግሯ ጨብጦ የሚይዘው ያህል፣ አራት አምስት ሴንቲ። ለአንዲት ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ርዝመት ያስፈልጋታል። እንቁላል መጣያው ከቆጡ ዝቅ ማለት አለበት። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ ዶሮ ማታ ከፍ ያለውን ትመርጣለች፣ መጣያው ከፍ ካለ እዚያው ታድርና እንቁላላችሁን ከኩስ ውስጥ ትለቅማላችሁ። መጣያው 30 በ30 ይበቃል፣ ለአራት ወይ አምስት ዶሮ አንድ። የእኔ ሁለቱ ከውጭ በኩል ክዳን አላቸው፣ ጫማ ሳላወልቅ፣ ማለትም ጫማ ሳላቆሽሽ፣ እንቁላሌን አነሳለሁ።

ከሁሉም የምወደው ግን ከቆጡ ሥር የተሸጎጠችው ቆርቆሮ ናት። እንደ መሳቢያ ትወጣለች። ዶሮ አብዛኛውን ሌሊት ኩሷን የምትጥለው ከቆጡ ሥር ስለሆነ ጠዋት ቆርቆሮዋን ሳብ፣ ባልዲ ውስጥ ገልበጥ፣ አመድ ነስነስ፣ መልስ። ሦስት ደቂቃ። ወለሉ ላይ ያለውን ሰጋቱራ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ነው የምቀይረው። ባልዲው ጓሮ ጥግ ይጠራቀምና ከከረመ በኋላ ጎመኑ ሥር ይሄዳል፤ ትኩሱን ካፈሰሳችሁበት ግን ያቃጥለዋል፣ ሞክሬ አይቻለሁ።

ዋጋ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። ግን ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ አይሠራም። በደፈናው፣ የእንጨቱ ቤት የእጅ ዋጋ ጨምሮ ከቪላዋ ግማሽ በታች ነው የፈጀው፤ ምክንያቱም አዲስ የተገዛው ሽቦው፣ ማጠፊያው፣ መቀርቀሪያውና ሚስማሩ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ተከራያችን ክዳን ሲያስቀይር የተረፈ ነው። ችፑዱ የድሮ ቁም ሳጥን ጀርባ ነው። ያገለገለ ቆርቆሮ ስትገዙ ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩት፣ ቀዳዳው ይታያችኋል።

ሌላው አማራጭ ምን ነበር ካላችሁ፣ ሁሉንም አስቤባቸዋለሁ።

ጭቃ ቤት። አያቴ ገጠር የነበራት እሱ ነው፣ ማገር ተማግሮ በጭድ ጭቃ የተመረገ። ለኪስ ከሱ የሚረክስ የለም፣ ለደሴ ብርድም ከብረት በብዙ እጥፍ ይሻላል፣ እርጥበት ይጠጣል እንጂ አያንጠባጥብም። ችግሩ ስንጥቁ ነው። ያቺ ቀን ቀን እየተደበቀች ሌሊት ደማቸውን የምትመጥ ቀይ ቅማል ስንጥቅ ትወዳለች፣ አይጥም ይቦረቡረዋል። በየዓመቱ መልሶ የሚመርግ፣ ውስጡን ኖራ የሚቀባ ሰው ካላችሁ ግን እኔ አልከለክላችሁም። ሥሩ ድንጋይ ይሁን፣ ክዳኑ ወጣ ይበል።

ብሎኬት። የራሳችሁ ግቢ ከሆነ፣ ሃያ ሠላሳ ዶሮ ካሰባችሁ፣ ይሁን። ተከራይ ከሆናችሁ እንዳታስቡት። ለተከራይ በሚስማር ሳይሆን በብሎን የተያያዘ፣ አምስት ቦታ ተፈትቶ አይሱዙ ላይ የሚጫን ቤት ነው የሚያዋጣው። አከራይ ሲያስወጣችሁ ዶሮዎቹን በካርቶን፣ ቤቱን በገመድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ኬጅ። አሁን ከተማ ውስጥ ፋሽኑ እሱ ነው፣ ባለ ሦስት ደርብ የሽቦ ሳጥን፣ እንቁላሉ በራሱ ተንከባሎ የሚወጣ። ቦታ ይቆጥባል፣ እንቁላሉ ንጹህ ነው፣ ለንግድ ለሚያረባ ሰው ሒሳቡ ሊገባኝ ይችላል። ለጓሮዬ ግን አልፈልገውም። ዶሮ ካልጫረች ምኑን ዶሮ ሆነች? ደግሞም ኬጅ ራሱ ቤት አይደለም፣ የሚቀመጥበት ቤት ይፈልጋል፤ ሰዎች ይህን ረስተው ኬጁን ገዝተው በረንዳ ላይ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ።

የኮምቦልቻ ሰዎች እስካሁን ያልኩትን ግማሹን ገልብጡት። ይህን የምለው በእህቴ ደርሶ ነው። ባሏ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፣ እዚያው ናቸው። የእኔን ቤት አይታ ወደደችው፣ ልኬቱን በስልክ ፎቶ አንስታ ወሰደች፣ እዚያ ያለ አናጺ አንድ በአንድ ቀዳላት። ድፍኑ ግድግዳ፣ ሸራው፣ የምሥራቁ ፊት፣ ሁሉም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። ከዚህ ሹራብ ለብሰሽ ትነሺና እዚያ ስትደርሺ ታወልቂያለሽ። ግንቦት ላይ ደወለችልኝ፦ «ዶሮዎቼ አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ጥለው ቆመዋል፣ ምን ነካቸው?»

ሙቀት ነው የነካቸው። ዶሮ አያልባትም፣ አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው የምትቀዘቅዘው። ሙቀቱ 30 ዲግሪን ሲያልፍ መብላት ትቀንሳለች፣ እንቁላሏ ያንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። ቅዳሜ ወርጄ አብረን አፈረስነው። ሦስቱን ግድግዳ ከቆጡ በላይ አውልቀን ሽቦ አደረግንበት። ረጅሙ ጎን ወደ ምሥራቅ ነበር የሚያየው፤ አዞርነውና ሰሜንና ደቡብ እንዲያይ አደረግነው፣ የጠዋቱም የማታውም ፀሐይ አጭሩን ጎን ብቻ እንዲመታ። ቆርቆሮው ላይ ወፍራም ሣር ከመርንበት። መጨረሻ ላይ ባሏና ሁለት ጎረቤት ተጋግዘው ቤቱን እንዳለ አንስተው ከዘይቱን ዛፉ ሥር አስቀመጡት፣ ለካ ከመጀመሪያው እዚያ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሥራ ይቀር ነበር። ውሃቸውን ጥላ ውስጥ አድርጉት፣ እኩለ ቀን ላይ ቀይሩት። እዚያ እንጨትም ከእኛ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ እህቴ የእቃ መጫኛ ፓሌት ገዝታ ፈታ ነው የሠራችበት፣ ሚስማሩን መንቀል ግን የሁለት ቀን ሥራ ነበር፣ ባሏ እስከዛሬ ያማርራል።

ጎረቤትን አትርሱ። የኛ ተከራዮች ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሆኖም ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጮህ አውራ ዶሮ ማንንም ያጣላል። እንቁላል ለመብላት ደግሞ አውራ አያስፈልጋችሁም! ይህን ስናገር የሚከራከረኝ ሰው አይጠፋም፣ ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ጫጩት አይሆንም እንጂ። ማስታቀፍ ካሰባችሁ ብቻ ነው አውራ የምትይዙት። ቤቱን ደግሞ ከሰው መስኮት አርቁት፣ ንፋሱ ወደ ማን እንደሚነፍስ እዩ። እኔ በየሳምንቱ ለሁለቱም ተከራዮች አምስት አምስት እንቁላል እሰጣለሁ፣ እስካሁን ስለ ሽታ ያማረረ የለም። ሁዳዴ ላይ እኛ ስንጾም የማይጾሙት ጎረቤቶቻችን ይበሉታል፣ ስለዚህ እንቁላል ቤታችን ከርሞ አያውቅም።

ጫጩት ገና ከተፈለፈለ ጀምሮ ለማሳደግ ካሰባችሁ ይህ ሁሉ ቤት አያገለግላችሁም። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ለደሴ ይህ ቀልድ አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የ45 ቀን ግዙ። የፈንግል ክትባት መውሰዳቸውን ጠይቁ፣ ቀጣዩንም አስከትቡ። ፈንግል የቤት ጥራት አያውቅም፣ ቪላም ጭቃም አይመርጥም፣ ሲገባ በሁለት በሦስት ቀን ጠራርጎ ነው የሚሄደው።

አንድ የተሳሳትኩት ሒሳብ ደግሞ አለ። ስጀምር ብሬን በሙሉ ቤቱ ላይ አውጥቼ ለመኖ አላስቀረሁም። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም አካባቢ ትበላለች። ስድስት ዶሮ በወር ከ20 ኪሎ በላይ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪና የጎመን ቅጠል ያግዛል፣ አይተካም። ስለዚህ በጀታችሁን ስትይዙ መጀመሪያ የሦስት ወር መኖ ለብቻ አስቀምጡ፣ በተረፈው ቤት ሥሩ። በተረፈው ጭቃ ቤት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጭቃ ቤት ይሁን።

ስለ ውበቱ? የእንጨቱ ቤት ሲያልቅ እውነት ለመናገር አስቀያሚ ነበር። ጣውላው አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር፣ ቆርቆሮው የዛገ። እናቴ «የኮንትሮባንድ ኬላ ይመስላል» አለች። ውስጡን ኖራ ቀባሁት፣ ነፍሳትን ለመከላከልም ጥሩ ነው። ከውጭ በኩል ሁለቱን በሮች ብቻ ቢጫ ቀባኋቸው፣ ጎኑ ላይ ሐረግ እንዲወጣበት ገመድ አሰርኩ። ሐረጉን ዶሮዎቹ በሉት። እንደገና ተከልኩ፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩት፣ አሁን ግማሽ ድረስ ወጥቷል። ፌስቡክ ላይ አልለጠፍኩትም፣ ግን ክረምቱ ሁለት ጊዜ አልፎበታል፣ ገብቼ ሳሸት የሚሸተኝ ሰጋቱራ ነው።

ቪላዋ እዚያው ጥግ አለች። ከሰል አስቀምጥባታለሁ፣ ለከሰል በጣም ጥሩ ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ በአጥሩ አሻግረው አይተዋት «እህቴ፣ ይቺን የዶሮ ቤት አትሸጪልኝም?» አሉኝ።

«ለከሰል ከሆነ ይውሰዷት» አልኳቸው።

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ነገ ከልጃቸው ጋር ጋሪ ይዘው እንመለሳለን ብለውኛል።